በባሏ ስም የሄደ ብልቃጥ

እህቴ በሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማ ልብስ ተኩሳለች። በእጇ ያለፈ አንሶላ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል፤ እንግዳው ልብ ባይለውም እሷ ልብ ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ሲያብጥ ማንንም አልገረመም። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ሲነፋም ጎረቤቶቿ «ውፍረት ተስማምቶሻል፤ ባልሽ ቢንከባከብሽ ነው» አሏት። እኔም ምነው አፌን በቆረጠው፣ አብሬ ስቄያለሁ።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ሾፌራችን» እያለ ያሞላቅቀዋል። ድርጅቱ በየዓመቱ የሾፌሮቹን ጤና ያስመረምራል፤ እሱ ደግሞ ስኳር እንዳለበት ካወቀ ወዲህ ከመሪው ያነሱኛል የሚል ፍርሃት ገባው። አንድ ቀን ጠዋት ብልቃጥ ይዞ እህቴ ፊት ተገተረ።

«የኔ እመቤት፣ እስቲ ትንሽ ሽንት አበድሪኝ።»

«ስትመልስልኝ እንዳታጎድል!» አለችው።

እንዲህ እየተሳሳቁ ሦስት ዓመት አለፈ። በየዓመቱ ሲመለስ «ያንቺ ሽንት እኮ ወርቅ ነው!» ይላታል። በአራተኛው ዓመትም ይህንኑ አላት።

ከዚያ በኋላ ሽንቷ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ማውጣት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ወፍራም ሻይ ይመስላል። የካውያው እንፋሎት ነው፣ ውሃ ስለማልጠጣ ነው እያለች ችላ አለችው። አንድ ሰኞ ራሷን ይዛ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ወደቀች። የደም ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ወደ ኩላሊት ሐኪም ተላከች፤ በመርፌ ከኩላሊቷ ናሙና ተወሰደና ለውጤቱ ዓርብ ተቀጠረች።

ሐሙስ ዕለት የባሏን ካፖርት ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች። አራት ቦታ የታጠፈ የምርመራ ወረቀት ወጣ፤ ወዲያው አምጥታ አሳየችኝ። ስሙ የሱ፣ ቀኑ የዛሬ አሥር ወር ነው። «ፕሮቲን ከፍተኛ፤ ደም አለ፤ በአስቸኳይ የኩላሊት ሐኪም ይታይ» ይላል። ሾፌራችን ያኔ፣ በአራተኛው ዓመት ምርመራ፣ ይህን ወረቀት ኪሱ ከቶ፣ የወንድሙን ሽንት ይዞ ተመልሶ ምርመራውን አለፈ። ይህን ወንድሙ ራሱ ደውዬ ስጠይቀው ነገረኝ። አሥር ወር ሙሉ አጠገቧ እየተኛ፣ ፊቷ ሲያብጥ እያየ ትንፍሽ አላለም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ምንም። ነገ አብሮኝ ይሄዳል፤ ራሱ ይናገር።»

«ባይናገርስ?»

«ይናገራል እንጂ! የሃያ ዓመት ባሌ አይደል እንዴ?»

ዓርብ ሦስታችንም ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ቀስ ብላ አስረዳችን።

«ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የታመሙት እነሱ ናቸው። ሕመሙ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ ይመጣል፣ አንዳንዱን ስኳር ያመጣዋል» ስትል ሾፌራችን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «አንዳንዱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ሰውነትን ያሳብጣል፤ አንዳንዱ ሽንት ውስጥ ደም ይቀላቅልና ግፊት ይጨምራል። ያንቺ ሁለቱንም አለው። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ነው ዞሮ ማጣሪያዎቹን የሚያጠቃው። በጊዜ ሲያዝ በመድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን ጠባሳውን አንመልሰውም። ያንቺ ናሙና ላይ ብዙ ጠባሳ አይቻለሁ። መቼ እንደጀመረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት ሽንትሽ ተመርምሮ ያውቃል?»

እህቴ ዞር ብላ ባሏን አየችው። እኔም በሆዴ «ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» እለዋለሁ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ዶክተር» አለ። «የዘንድሮው የመጀመሪያዋ ነው።»

እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለችው። ሐኪሟ አንብባ ግራ ገባት።

«ይሄ እኮ የወንድ ስም ነው።»

«ስሙ የሱ ነው» አለች እህቴ። «ሽንቱ የኔ ነው።»

ሐኪሟ ቀኑን ደግማ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ እኮ ነው...»

«ዶክተር» አለች እህቴ። «ከዛሬ ጀምሮ የኔን ነገር ለኔ ብቻ ይንገሩኝ። እሱ ውጪ ይጠብቅ።»