ቶላሺ ያልተሳፈረችበት አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ወደ ነቀምቴ በአውሮፕላን ስሄድ፣ ካፒቴኑ በረራችን አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይሞላ ሲነግረን አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በደስታ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ቅርብ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የደሴ ሰው የሆነው አባቴ ይመር፣ ነቀምቴ የሣር ሜዳ ላይ ለምታርፈው ትንሽ አውሮፕላን መንገደኛና ጓዝ የሚመዝን ሠራተኛ ነበር። «አዲስ አበባ እኮ ጓሯችን ናት፤ ቁርስህን እዚህ፣ ምሳህን እዚያ!» እያለ በየሄደበት ይኩራራል፤ ራሱ ግን አንድም ቀን ተሳፍሮባት አያውቅም። እኔና የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ልጅ ቶላሺ አውሮፕላኗ በምትመጣበት ቀን ጫማችንን አውልቀን፣ ውሃ ባቆረው ሣር ላይ እየተንሸራተትን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተሳደብን ከብቶቹን ከሜዳው እናባርር ነበር፤ አንዲት ቀይ ጊደር ብቻ የሞተሩ ጩኸት ራሷ ላይ ካልደረሰ በቀር ለማናችንም ንቅንቅ አትልም።

አንድ የክረምት ጠዋት ስናባርር ቶላሺን አዳለጣትና የሜዳው የሽቦ አጥር ላይ ወደቀች፤ የሽቦው ጫፍ ቀኝ ዓይኗን ወጋት። የከተማው ሐኪም፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ዘንድ ከደረሰች ዓይኗ ሊተርፍ ይችላል፣ ካደረች ግን እንጃ አለ። አዴ ጫልቱ ልጇን አዝላ እየሮጠች ሜዳው ስትደርስ አውሮፕላኗ ገና አልተነሣችም፤ ወንበርም አልጠፋም። ነገር ግን አንድ ባለሥልጣን ለዘመዶቹ የሚወስደውን ማር በትልልቅ ጣሳዎች አስጭኖ ነበርና ክብደቱ ሞልቷል።

«ማሎ ኦቦ ይመር፣ እባክህ! ማሩን አውርድልኝና ልጄን ጫንልኝ!»

አባቴ የሚዛኑን ቀስት እንጂ የእሷን ፊት አላየም። «ሞልቷል አዴ ጫልቱ። ምን ላድርግ?» አለ። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን እያየ ነበር። እኔ የቶላሺን ጫማ ይዤ ቆሜአለሁ።

በአውቶቡስ ሄዱ። ባኮን ሳያልፉ መንገዱን ጭቃ ዋጠው፤ ጎማው እስኪወጣ አደሩ፤ አዲስ አበባ የገቡት በማግስቱ ማታ ነው። ቶላሺ በአንድ ዓይኗ ተመለሰች።

«ማሩን ለምን አላወረድከውም?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት።

«አንቺን የማሳድግበት ሥራ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይኸው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መልስ። በዝናቡ አልቆጣም፣ በመንገዱም አልቆጣም፤ ለባለሥልጣኑ አንዲት ቃል መናገር እየቻለ ዝም ባለው ሰው ግን እቆጣለሁ፤ ይባስ ብሎ ዝም ያለበትን ደመወዝ በደብተር፣ በጫማ፣ በዳቦ እያደረገ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከኤርፖርቱ በቀጥታ ቶላሺ ቤት ሄድኩ። የልብስ ስፌት መኪናዋን ትታ ተነሣች፤ «አካም ጂርታ፣ እህቴ!» ብላ አቀፈችኝ። የልቤን ስነግራት ከልቧ ሳቀች።

«ተይው በቃ! አባትሽ እኮ ሥራው ነበር። ሲሞት እናቴ ምን ያህል እንዳለቀሰችለት ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። አዴ ጫልቱ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስለት እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ እንባ እምቢ አለኝ። ቶላሺ ዓይኗን አጣች፣ ይቅር አለችውም። እኔ ግን ከዚያ የክረምት ቀን በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደግሁ፣ እስኪሞት ድረስ «አባባ» ብዬ ጠርቼው አላውቅም።