ለማን ሰገድሽ?

ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሃያ ዓመት አማርኛ ሳስተምር፣ ያለቦታው የገባ ቃል ባየሁ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ስከብብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን ግን ቀድሞ አይቶ የከበበልኝ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በትንፋሽ ነው። እናቴ ስኳር ታማ እግሯ ላይ ቁስል ከወጣባት ወዲህ፣ ቀራንዮ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤታችን ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ጠዋት መርፌዋን ወግቼ፣ አብልቼ፣ ቁስሏን አጥቤ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ወደ ቤት እሮጣለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አየር አለቀብኝ። አፌን ብከፍትም የሚገባ ነገር የለም። እንደምንም "ወራጅ አለ" ብዬ አስኮ መንገድ ላይ ወረድኩና አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። የምሞት መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ መርምሮኝ ልብሽም ሳንባሽም ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው አለኝ። ጭንቀት መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም።

የወረድኩበት ቦታ ፊት ለፊት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለ። ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል የባለሱቁ ልጅ ዮጋ ያስተምር ነበር። ሕንድ አገር ለትምህርት ሄዶ ዓመታት ቆይቶ የመጣ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። እኔ የገባሁት ስፖርት መስሎኝ ነው። እሱ ግን "ስፖርት ለሚፈልግ ጂም ሞልቷል" ይላል። የእሱ ዮጋ በማለዳ ተነስቶ ትንፋሽን ለፈጣሪ ማቅረብ ነው። ሥጋ አይበላም፣ ሰው አያማም፣ ከመጀመሩ በፊት ግንባሩን መሬት ያስነካል።

"ለማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እህቴ። እኔ አልነግርሽም" አለኝ።

አውቅ ነበር። ለመድኃኔዓለም ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ተነፈስኩ። እንቅልፌ ተመለሰ። እናቴ ላይ መጮህ ተውኩ። እሷም ገርሟት "ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የለሰለስሽው?" አለችኝ። እስፖርት ጀምሬ ነው አልኳት።

አስተማሪያችን የእንቅስቃሴዎቹን ስም የሚጠራው በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛ አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ተርጉሚልን አለኝ። አልዋሽም፣ ተኮፈስኩ። በማለዳ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ዝቅ ከፍ የሚባልበት አንድ እንቅስቃሴ አለ። "ሰላምታ ለፀሐይ" ብለው ይበቃ ነበር። ሰላምታ ግን ቀለለብኝ፤ ሰላምታ ለወያላም ይሰጣል። "ስግደት ለፀሐይ" ብዬ በካርቶን ላይ በጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ እናቴ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እስፖርቱ ነው፣ እማዬ።"

"ስግደት ይላል እኮ።"

"ስሙ ነው።"

"የአምልኮ ነው የጸጋ?"

በቤተ ክርስቲያናችን ለፈጣሪ የሚሰገደው የአምልኮ ስግደት ነው፤ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የሚሰገደው የጸጋ ይባላል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ ቢሆንም ይህን ልዩነት ጠንቅቃ ታውቃለች። እኔ ደግሞ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ደክሞኝ ነበር። እኔ ሲደክመኝ ምላሴ አይደክመውም።

"የአምልኮ ነው" አልኳት። "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ነው የማመልከው። ደስ አለሽ?"

ቀልዴን ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ነው የምንነጋገረው። ስትስቅ ልሰማ ጠበቅኩ፤ እሷ አማተበች።

በማግስቱ ጠዋት መርፌውን ይዤ ስቀርብ እጄን ገፋችው። አጥሚት አቀረብኩላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ከእንግዲህ ከእጅሽ አልቀምስም" አለች። በቁጣ ብትለው ደስታዬ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ እያዘነች ነው ያለችው። ጎረቤታችን ከሥራ ስትመለስ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ታቀምሳታለች፤ እስከዚያ ባዶ ሆዷን ነው። ሳትበላ መርፌውን ብትወጋ ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች፤ ካልተወጋች ደግሞ ስኳሩ ይጨርሳታል። ሰው ሲጠይቃት "ጾም አይደል እንዴ" ትላለች። እውነት ነው፣ ዐቢይ ጾም ነበር።

ካርቶኑን ፊቷ ቀደድኩት። ሱቁ ላይ ያለውን ክፍል ዳግመኛ አልረገጥኩም። እግሯን ይዤ አለቀስኩ፣ ቀልዴን ነው ብዬ ማልኩ። በመጨረሻ ጮህኩባት።

"እየሞትሽ እኮ ነው፣ እማዬ!"

"እኔስ ልሙት፤ ጊዜዬ ነው። የሞትሽውስ አንቺ ነሽ።"

የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። አባ ነገሩን ሲሰሙ ሳቅ አምልጧቸው ነበር፤ እናቴን ሲያዩ ግን ዋጡት። "በአፍሽ ያልሽውን በጉልበትሽ መልሺው" አሉኝ። በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት፣ ለሰባት ቀን። ወደ እናቴ ዞረው "አንቺ ግን ብዪ። ልጅሽ ናት" አሏት።

"ሰባቱ ይሙላና ከእጇ እበላለሁ፣ አባ" አለች።

ሰባት ቀን የምትቆይ አልመሰለኝም። አባ በር ላይ ሲሰናበቱኝ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ።

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን እንዳያመኝ የዮጋ ምንጣፌን ዘረጋሁ። "በዚያ ላይ አይሆንም" አለች ከአልጋዋ። ጠቅልዬ አስቀመጥኩትና ሲሚንቶው ላይ ሰገድኩ። እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቆጥርልኛለች፣ ወይም ትቆጥርብኛለች። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችንን በሟች እህቷ ስም ጠራቻት። ሰገድኩ፣ ሰገድኩ፣ የሚመጣ ነገር የለም። እግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ፤ ከዚያ መቆጣቴ ይቆጠርባት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

በአምስተኛው ቀን አሥረኛው ስግደት ላይ ደረቴ ተዘጋ። ያኔ ታክሲ ውስጥ የሆንኩትን ሆንኩ። ማቆም አልችልም፤ ካቆምኩ ሰባቱ አይሞላም። የማውቀው መውጫ አንድ ብቻ ነበር፦ ስወርድ ማስወጣት፣ ስነሳ ማስገባት፣ በዝግታ፣ ያ ሰው እንዳስተማረኝ። አስቤ አይደለም፤ ሰውነቴ ራሱ ነው የጀመረው። ትንፋሼ ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

"ይሄ የዚያ የእስፖርቱ ነው" አለች።

"ነው።"

"ለማን ነው የምትሰግጂው?"

ለመድኃኔዓለም ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። ግን አምስት ቀን ሙሉ ግንባሬ ሲሚንቶውን በነካ ቁጥር አፌ "እግዚኦ" ሲል ልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፦ ትብላ፣ ትብላ፣ ትብላ። ሞት አፋፍ ላይ ያለች እናቴን መዋሸት አቃተኝ።

"ላንቺ" አልኳት።

"ስለ አንቺ" ማለት ነበረብኝ። ተማሪ ቢጽፈው እከበዋለሁ፤ "ለ" ሁለቱንም ትሸከማለች፣ የሚሰገድለትንም የሚሰገድበትን ምክንያትም። እናቴ የሰማችው የሚሰገድለትን ነው።

"ለሰው አይሰገድም" አለች።

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

ሲሚንቶው ላይ እንደተንበረከክሁ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ጉልበቴን አየች፣ ግንባሬን አየች። ከዚያ መቁጠሪያዋን ትራስጌዋ ላይ አስቀመጠችው።

"እንግዲህ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አጥሚቱን አምጪው።"

ቀዝቅዞ ነበር። ላሙቀው ብላት እንቢ አለች። ከእጄ በማንኪያ በማንኪያ እስከ ግማሹ በላች፤ መርፌዋንም ተወጋች።

ግን ዘግይቶ ነበር። ሆሳዕና ሳይደርስ ሞተች። እስከ መጨረሻዋ ቀን ከእጄ በላች፤ ስለ ስግደቱ ዳግመኛ አላነሳችም።

አባን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ብዬ ስንት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እናት የልጇን ኃጢአት "በእኔ ይሁን" ብላ ከተቀበለች ይዛው ትሄዳለች ወይ? አዎ እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

አሁን ስግደቱና ዮጋው ለእኔ አንድ ሆነዋል፤ መለየት ትቻለሁ። ማለዳ ተነስቼ፣ አልጋዋ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። ስወርድ አስወጣለሁ፣ ስነሳ አስገባለሁ። አርባ አንድ እስኪሞላ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የእኔ ነው፣ ከእሷ ላይ አንሳው፣ ወደ እኔ መልሰው።