የሚሊሜትር ላሜራ

የትምህርት ቤታችን የወርክሾፕ መምህር ሚሊሜትር ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም አለው፤ ግን ደመወዝ ሲፈርም ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። እሱ በመስኮቴ ብቅ ብሎ "የዚህ ሞረድ ጥርሱ ረግፏል" ሲለኝ፣ እኔም "ያንተስ?" ስለው አብረን አረጀን።

ወጣት ሳለ መሐንዲስ መሆን ነበር የሚፈልገው። አባቱ ሲሞት ታናናሾቹን የሚያሳድግ ጠፋና አስተማሪ ሆነ። በልቡ የቀረውን ምህንድስና በተማሪዎቹ ላይ ተወጣው። በመጀመሪያው መንፈቅ ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው አጠገብ ማንንም አያስደርስም። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብረት፣ አንድ ሞረድና ብረቱን ጨብጦ የሚይዝ አንድ ሞርሳ ይሰጣል፤ ብረቱ በሁሉም ጎን ሠላሳ ሚሊሜትር የሆነ ኪዩብ እስኪሆን ድረስ መሞረድ ነው። ሲያልቅ ፈተናው በላሜራው ነው። ሥራ በጀመረ ዓመት ወፍራም ላሜራ ላይ በገዛ እጁ ያወጣው አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ኪዩቡ በስድስቱም ፊቱ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። እንቢ ካለ ይሞረዳል። ሾልኮ ከወደቀ ግን አለቀ፤ ለምህንድስና ኮሌጅ የሚላከው ወረቀት ላይ ሚሊሜትር አይፈርምም። "የጎደለ ብረት አይሞላም" ይላል።

እኔ ደግሞ አንጀቴ አይችልም። በምሳ ሰዓት ልጆቹ መስኮቴ ሥር መጥተው "እትዬ፣ ላሜራዋን አንዴ ብቻ" ሲሉኝ ቀስ አድርጌ አቀብላቸዋለሁ። ኪዩባቸውን እየከተቱ፣ በመዳፋቸው እየደበደቡ፣ እያወጡ ይሞክሩታል። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በየዓመቱ ይህንኑ ሳደርግ ኖርኩ።

አምና ግን አንዲት ልጅ መጣች፣ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ። አንድ ቀን እንኳ መስኮቴ ሥር አልቆመችም። ትለካለች፣ ትሞርዳለች፣ ደግማ ትለካለች። የኮሌጁ ወረቀት መቀበያ ዓርብ ሊዘጋ ፈተናዋ ሐሙስ ሆነ። ኪዩቧን ላሜራው ላይ ስታስቀምጠው ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

"ጎድሏል" አለ ሚሊሜትር። የብዕሩን ክዳን መለሰው።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዕንባዋ ሞልቷል። ቢሆንም ከመሄድ ይልቅ፣ "ቲቸር፣ ቀዳዳውን ልለካው?" አለችው።

ባስተማረበት ሠላሳ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከኪሱ የሚለካበትን ካሊፐር አውጥቶ ሰጣት።

"ሠላሳ ነጥብ አምስት ነው" አለች።

መነጽሩን አድርጎ ራሱ ለካ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ለካ። ከዚያ የሷን ኪዩብ ለካ። በየትኛውም በኩል ሠላሳ ነው።

"ይኼ እኮ ሠላሳ ነበር" አለ። "በእጄ ነው የሠራሁት።"

ብረቱ ሲወድቅ ሰምቼ መጥቼ በር ላይ ቆሜ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት፤ "በየምሳ ሰዓቱ ላሜራውን ለልጆቹ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ኪዩባቸውን ሲከቱና ሲያወጡ ቀዳዳውን የበሉት እነሱ ናቸው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የልጅቷን ወረቀት ስቦ ፈረመበት። እሷ ኪዩቧን ደረቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። እሱ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሣጥን ጎተተ። ሾልከው የወደቁ ኪዩቦች ናቸው፤ አንድም አልጣለም። እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም ተጭሯል። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ በአንድ ለካቸው፣ እኔ እያቀበልኩት። አርባ አንድ ነበሩ። አርባው በእርግጥ የጎደሉ ናቸው። አንዱ ግን ልክ ሠላሳ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ።

ስሙ የተጫረበትን ልጅ አውቀዋለሁ፣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኗል። ቅዳሜ ሚሊሜትር ኮቱን ለብሶ፣ ኪዩቡን በመሐረብ ጠቅልሎ ሄደ። ጥፋቱ የኔም ነውና አብሬው ሄድኩ። ሰውየው እጁ በግራሶ ቅባት ስለቆሸሸ ክንዱን ነው ለሰላምታ የዘረጋልን። ሚሊሜትር ኪዩቡን መዳፉ ላይ አኖረለት።

"ልክ ነበርክ። የተበላው የኔ መለኪያ ነው። ይቅር በለኝ።"

ጠጋኙ ኪዩቡን አገላበጠው። "አውቅ ነበር ቲቸር። ከፈተናው በፊት ለክቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ለእርስዎ? ማን ደፍሮ!" ብሎ ሳቀ። ቂም የለበትም፤ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠን። ሚሊሜትር ግን አልሳቀም። በመሐረቡ ዓይኑን ሲጠርግ እኔ ፓምፖቹን ሳይ ቆየሁ። እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝ።

ዘንድሮ አዲስ ላሜራ ሠርቷል። የሚቀመጥበት ሣጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፣ ለማንም አልሰጥም። ትምህርት ሲከፈት ማንም ሞረድ ከመያዙ በፊት ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ የመምህራቸውን ቀዳዳ ይለካሉ፤ ያገኙትንም ቁጥር ፊቱ ቆመው ጮክ ብለው ይናገራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ልጅ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ "ሠላሳ ነጥብ አንድ" አለች። ካሊፐሩን አጣማ ይዛው ነው፤ ከበር ላይ ሆኜ እኔ እንኳ አይቻታለሁ።

ሚሊሜትር መነጽሩን አደረገ። "በይ ነይ፣ አብረን እንለካው" አላት።