ጉሮሮ የደረሰው ጠብታ

መርዶው የደረሰኝ በሰው አገር፣ በሕያው ዓይን ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚዘዋወር እያጠናሁ ሳለ ነው። አክስቴ በጾም ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቤቴል ካለው ቤታቸው ደጅ ደረጃው ላይ ወድቀው አረፉ።

ካልታከመ እይታን ለሚጋርደው የዓይናቸው ግፊት ጠብታ ታዞላቸው ነበር። አንዴ በስልክ፣ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ "ጠብታው እኮ ጉሮሮም ይደርሳል" አልኳቸው።

"እና እስከ ዛሬ ጾሜን ስገድፍ ነው የኖርኩት በይኛ፣ የዓይን ሊቋ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ በጾም ጠዋት ጠብታውን እንደተዉ የሰማሁት ከመርዶው ጋር ነው። የዓይናቸውን ጥግ በጣት ጫን ቢያደርጉ ወደ ጉሮሮ እንደማይወርድ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አሁን እሁድ ብደውል "የዓይን ሊቋ" የሚለኝ የለም።

ያን ጠዋት አብራችኋቸው የነበራችሁ፣ አደራችሁን፣ እናጽናናት ብላችሁ አትሸፍኑልኝ፤ ደረጃው አልታይ ብሏቸው እንደሆነ ንገሩኝ።