ለእህቴ ያሞቅናት ክፍል

እህቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጊዜ እናቴ ከራሷ አልጋ አጠገብ አነጠፈችላት። እህቴ ግን ሰው ሲተነፍስ እየሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። የገባችው ከጓሮ፣ ድንችና ማገዶ ከምናስቀምጥባት የቆርቆሮ ክፍል ነው። እናቴ ጎረቤቱን ፈራች፤ «ስንት ዓመት ሠርታ የጦረቻቸውን ልጅ ከድንች ጋር አሳደሯት» ይሉናል እያለች ለመነቻት። አልሰማቻትም።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው ከጉና የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትከሻዋን አቅፋ ትመጣና ማድቤት እሳት ዳር ትቀመጣለች። ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ትሞቃለች። ያን ጊዜ እናቴ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ እኔም ወሬ እፈልግላታለሁ። ብዙም አትመልስም። እዚያ ምን እንደገጠማት አልነገረችንም፤ እኛም መጠየቁን ፈራነው።

ክረምቱ ሲቃረብ ሳል ጀመራት። አንድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጓሮው ውስጥ ብዙ ቆሙ። ከዚያ፣ እሷ ወደ ቤት ካልገባች ቤቱን ወደ እሷ እንውሰድላት አሉ።

በማግስቱ ድንቹን አወጣን። በቆርቆሮው ውስጥ ለውስጥ የባሕር ዛፍ ማገር መታን፤ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን መረግንበት። እናቴ የማዳበሪያ ከረጢቶች ገጣጥማ ሰፍታ ኮርኒስ አደረገቻቸው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች፣ አጎቴ ከፎገራ የላከልንን የሩዝ ገለባ ጠቀጠቅን። የከበደን ወለሉ ነበር። አፈሩ ርጥበት ስለሚያመነጭ ቆፍረን ድንጋይ ደለደልን፣ ጠጠር አለበስነው፤ ከዚያ ጎረቤታችን የሆነው አናጢ እንጨት አጋድሞ ጣውላ መታበት።

በነዚያ ቀናት እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ቀሚሷን ሰብስባ ከእኔ ጋር ጭቃ ረገጠች። እግሬ ተይዞ ስወድቅ ሳቀች። ሳቋን የሰማችው እናቴ ከማድቤት ሮጣ ወጥታ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ልጃችን ዳነች አልን።

አናጢው መስኮቱ በየት በኩል ይሁን ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ መስኮት አልፈልግም አለች። አባቴ ብርሃን ለሰው ደግ እንደሆነ ሊያግባቧት ሞከሩ።

«እዚያ ደስ ያለው ሁሉ ይገባብኝ ነበር፣ አባዬ» አለች። «መዝጊያ ብቻ ያድርጉልኝ። ከውስጥ የሚቆለፍ።»

አናጢው መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። በገበያ ቀን አባቴ ወፍራም መወርወሪያ ፈልገው አመጡና በገዛ እጃቸው መቱላት።

ያን ክረምት ዝናቡም በረዶውም በረታ። ክፍሏ ግን ሞቃለች። ሳሉም ለቀቃት። እሷ ግን መውጣት ተወች። መጀመሪያ ጠዋት መቆየት ጀመረች፤ ደክሟት ነው አልን። ከዚያ ከቁርስ ቀረች፣ ቀጥሎ ከምሳ። ምግቧን ደጇ ላይ እናስቀምጥላታለን፤ ዘወር ስንል ትከፍትና ታስገባለች። አንድ ቀን እናቴ ያልተነካ ሳህን ይዛ ከጓሮ ተመለሰች።

«ለካስ ብርዱ ነበር እሷን የሚያመጣልኝ» አለችኝ።

እሳቱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ያን ጭቃ ስረግጥ ከዚህ የተሻለ ሥራ በሕይወቴ የምሠራ አልመሰለኝም ነበር።

ጣራ ገዳም ወስደን ጸበል እናስጠምቅሽ ብለን በመዝጊያው በኩል ለመንናት። አልከፈተችልንም። በመጨረሻ አባቴ መጥረቢያ አነሡ። ተከተልኳቸው። መዝጊያው ፊት መጥረቢያውን እንደያዙ ቆሙ፣ ከዚያ ዝቅ አደረጉት።

«ሰብሮ የሚገባባት ሌላ ሰው አልሆንም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም መዝጊያውን አልነካም። አባቴ ማታ ማታ ደጇ ላይ ድንጋይ አስጠግተው ይቀመጡና የቀኑን ያወሩላታል፤ ማን እንዳረሰ፣ የማን ላም እንደወለደች። አንዳንዴ አንድ ቃል ትመልስላቸው ነበር። እኔ ሥራ አግኝቼ ባሕር ዳር ገባሁ። ስመለስ በመዝጊያው በኩል ሰላም እላታለሁ፤ እንዴት ነህ ትለኛለች፣ በዚያው እናበቃለን።

አባቴ ያረፉ ዕለት ወጣች። ከለቀስተኛው ኋላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆመች። መክሳቷንና መንጣቷን ያዩ ዘመዶች ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። አፈር ሲመለስ እጇን ያዝኩት፣ አልነጠቀችኝም። ከቀብር መልስ ከእናቴ አጠገብ ቦታ ያዝኩላት። ሰው እየገባ ድንኳኑ ሞላ። እሷ አልመጣችም። ቆየት ብሎ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው እየዳከሩ ገቡና፣ ልጄ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው።