ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

ትርፊት አንድ ነገር ካየች እንዴት እንደተሠራ ሳታውቅ አርፋ አትተኛም። ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ባለው የልብስ ስፌት ቤቷ ከምትሰፋው የምትፈታው ይበዛል፤ የሰው ቀሚስ ካማራት ገልብጣ ውስጡን ሳታይ አትመልስም።

ሰሞኑን ልቧን የሰረቀው አንዲት ሴትዮ ስትሠራው ስልኳ ላይ ያየችው የቬትናም የዶሮ ሾርባ ነበር። ሴትዮዋ ዶሮውን ሙሉውን ከነቆዳው ድስት ውስጥ ከተተችው። በርበሬ የለ፣ ቁሌት የለ! ሽንኩርቱን እንኳ አልከተፈችውም፤ ከዝንጅብል ጋር እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ ጣለችው። ግማሽ ዕድሜዋን ሽንኩርት ስታቁላላ የኖረችው ትርፊት፣ «ታዲያ ጣዕሙ ከየት ይመጣል?» እያለች ተብሰለሰለች።

ችግሩ ዶሮው ነበር። አውራ ዶሮውን ከገጠር፣ ከሀቢቾ፣ ይዘው የመጡት የባሏ አባት አቶ ላምቤቦ ናቸው። ፈረሰኛው፣ ያ ነጩ የደረት ሥጋ፣ የሳቸው ድርሻ መሆኑን ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። አምና በታናሽ ልጃቸው ቤት ፈረሰኛው ለሌላ እንግዳ ወጣ፤ ለሳቸው መላላጫ ደረሳቸው። ትንፍሽ ሳይሉ በልተው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ» አላት ባሏ ሚክያስ፣ ዶሮውን አርዶ ሲያቀብላት። «አባባ ካኮረፉ እኔ የለሁበትም።»

ፈራች። ግን ማወቅ አለባት።

እጇ ልማዱን መቼ ይተዋል! ዶሮ ሳይገፈፍ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ ውሃው እስኪጠራ ሳይታጠብ እንዴት ይበላል? ገፈፈችው፤ አሽታ አጠበችው። ድስቱ ፈልቶ ስትቀምሰው ሎሚ ሎሚ የሚል ትኩስ ውሃ ሆነባት። ያኔ ነገሩ ተገለጠላት፤ ጣዕሙን ገፍፋ ጥላዋለች። ለድመቷ ያስቀመጠችውን ቆዳ ማንም ሳያያት አለቅልቃ ድስቱ ውስጥ መለሰችው። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመረች፤ የማታውቀውን የውጭ ቅመም በኮረሪማ ተካችው። ቀስ እያለ ወርቅማ ቅባት ላዩ ላይ ሰፈፈ። ደግማ ስትቀምስ ብቻዋን ሳቀች።

ሴትዮዋ የተጠቀመችበት የሩዝ ፓስታ ከተማው ውስጥ ስለጠፋ ቀጭን ፓስታ ቀቀለች። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ በጣቷ በጣጠሰችውና ለየሳህኑ አከፋፍላ ሾርባውን አፈሰሰችበት። ሴትዮዋ ትኩሱን ወዲያው ብሉት ብላ ነበር። አቶ ላምቤቦ ግን ቆመው መጸለይ ጀመሩ። ለዘመድ ጸለዩ፤ ለዝናብ፣ ለመንገደኛ፣ ለዞኑ ባለሥልጣናት ጸለዩ። አሜን ሲባል ፓስታው መረቁን ጠጥቶ እንደ ሊጥ አብጧል። ትርፊት ትኩስ መረቅ ደገመችላቸው።

«ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ገና ሲያዩት። ቢሆንም መብላት ጀመሩ።

አቶ ላምቤቦ አልበሉም። በማንኪያቸው ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር አሰሱት።

«ፈረሰኛው የታለ?»

«ተበጣጥሶ ሁሉም ጋ ደርሷል፣ አባባ። አሠራሩ እንዲህ ነው።»

ሚክያስ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸው በሩ ሥር የቆመውን ከዘራ ፈለገ። ትርፊት አለቀልኝ አለች፤ ያ ታናሽየው ቤት የደረሰው እሷም ቤት ሊደርስ ነው።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን ምንም አልሰሙም። አንድ ጉርሻ ነጭ ሥጋ አፋቸው ውስጥ ቀስ ብለው ያላምጣሉ።

«ትርፊቴ፣ ይሄ ለስላሳው ምኑ ነው?»

«እሱ ነው እማማ፣ ፈረሰኛው።»

«እንዲህ ነው ለካ!» አሉና ሌላ ፍለጋ ሳህናቸው ላይ አጎነበሱ።

አቶ ላምቤቦ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «በልተሽ አታውቂም እንዴ?»

«የት አግኝቼ? አንገትና ክንፍ ስግጥ አይደል ያረጀሁት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ፣ የሚክያስ አባት?»

አቶ ላምቤቦ ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ። ከሳህናቸው ነጭ ነጩን እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ ወደ ሚስታቸው ሳህን ማሻገር ጀመሩ።