ቆሮሶ የተበላበት መስከረም ሃያ አንድ

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ሳስተምር፣ ጧት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው ፊት ቆሜ የማነባት አንዲት ፕሮግራም ነበረችኝ። መጀመሪያ አንድ እንግዳ ቃል ከነፍቺው፣ ቀጥሎ በዚያች ቀን በዓለም ላይ የተደረገ አንድ ነገር። የምቀዳው ደሴ ከገዛሁት የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ወደኛ አቆጣጠር መመለሱ ራሱ ግማሽ ሌሊት ይፈጅብኛል። «በዛሬዋ ዕለት እንዲህ በሚባል አገር ድልድይ ተመረቀ» እላለሁ። ተማሪው ያዛጋል፤ እኔ እቆጣለሁ። ለቁጣ ያኔም ሰንፌ አላውቅም።

ዳይሬክተራችን ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። መስከረም ሃያ ቀን ቢሮ ጠሩኝ።

«የባዕድ አገር ድልድይ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይድለታል?» አሉኝ። «ለነገ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ፣ በዚያው ቀን የተደረገ ነገር አምጪ። ካጣሽ ከነገ ወዲያ በቦታው መፈክር ይነበባል።»

መፈክሩስ መች ጠፋ፤ ግድግዳው ሁሉ እሱው ነው። ያቺን ፕሮግራም ግን እወዳት ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ በራሴ የጀመርኳት እሷን ብቻ ነውና። ከክፍል እንደወጣሁ ገበያውን አካለልኩት። መስከረም ሃያ አንድ ቀን እዚህ አገር ምን ተደርጎ ያውቃል ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ባለሱቁም፣ ጨው ሻጯም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ነገማ ግሸን ነው!» ከግሸን ሌላስ ስል እንደ ሞኝ ያዩኛል። በዚያ ዘመን ባንዲራ ሥር ቆሞ የማርያምን ንግሥ ማወጅ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ቤት ስገባ ኩርፊያዬን ያየው አባቴ ምን እንደነካኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«አንች ልጅ፣ እንደው ትምህርቱ አጃጃለሽ ልበል?» አለ። «ዓምና የግሸን ለት ምን በላን?»

ምን እንደበላንማ አልረሳሁም። ታሪክ ነው ብዬ አለማሰቤ ነው እንጂ፤ ለእኔ ታሪክ ማለት ሩቅ አገር የሚደረግ ነገር ነበር።

እኛ ሙስሊም ነን። ጎረቤታችን ደግሞ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ደቦውም የጋራ ነው፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ገበታው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም፤ ዓለም እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ነበር የሚመስለን።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታዲያ ጎረቤታችን ጉልበታቸውን ታመው ግሸን መውጣት አቃታቸው። አባቴ ሊያጽናናቸው ሐይቁ ዳር ካለ አጥማጅ ዓሣ ገዝቶ ቤታችን ጠራቸው። መንግሥት ሐይቁ ውስጥ የጨመረው አዲስ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ይሉታል። እኛ የምናውቀው አምባዛን ነበር፤ እሱንም ቢሆን ቤታችን በልተነው አናውቅም። ዓሣው ከሞተ ቆይቷል፤ አባቴ ግን ሥጋ ሁሉ ይታረዳል ብሎ፣ ቢላውን ስሎ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ የአንዱን አንገት ፈለገ። ዓሣ አንገት የለውም። ጎረቤታችንም ድርሻቸውን ወስደው «በስመ አብ» እያሉ ባረኩ። እናቴ ሁለቱንም ወሰደችና ባንድ መጥበሻ ጠበሰቻቸው።

ሰሃኑ ሲቀርብ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም። እናቴ ልታለቅስ ደረሰች። ደግነቱ ቁርዓን የሚያቀሩ አንድ ሽማግሌ ሼህ ሊጠይቁን ገቡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ሳቃቸው ጥምጥማቸውን ሊጥለው ነበር።

«ዓሣ ቢላ አይሻም፤ ከውሃ የወጣ ለት ሐላል ነው» አሉ።

«እኛም ብንሆን ዓሣ ማን አረደው ብሎ የጠየቀን ቄስ የለም» አሉ ጎረቤታችን፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አባቴን አጎረሱት።

አባቴ አላምጦ እስኪውጥ ቆየ። «በሽሮ ጊዜ እንዲህ አትጠቀልልም ነበር፤ ስትቆጥብብኝ ኖረሃል» አላቸው። ሁለቱ አብሮ አደጎች ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

በነጋታው ባንዲራው ሥር ቆሜ «የዛሬ ቃል፦ ቆሮሶ» አልኩ። ቀጠልኩና «በዛሬዋ ዕለት፣ ዓምና፣ አብረው ያደጉ ሁለት ጎረቤታሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰሃን ሥጋ በሉ» ብዬ የሆነውን አነበብኩ። ያዛጋ ተማሪ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ግን ሳልጨርስ ፊታቸውን አዙረው ቢሮ ገቡ። በቃ አለቀላት አልኩ።

አስጠሩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው መስኮቱን ያያሉ።

«ይሄ ነገር እውነት የተደረገ ነው?»

«በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ባለቤቴ የሙስሊም ልጅ ናት» አሉኝ። «ሠርጋችን ለት እናቴ በአንድ ዳስ፣ አማቴ በሌላ ዳስ ነበሩ። ልጅ ወልደን እንኳ ሁለቱ ሥጋ ባለበት ገበታ አብረው ተቀምጠው አላየሁም። ሁለቱም አርጅተውብኛል።»

«ፕሮግራሟስ?» አልኩ፣ ሌላ ነገር አጥቼ።

«እሷማ ትቀጥላለች» አሉ፣ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ እያነሱ። «ይልቅ ዓሣ አጥማጁ የት ነው ያለው?»